ያጠፋኋቸው ሁለት ማርከሮች

ጥቅምት 3

የአምቡላንስ ሬዲዮ አንቴናዎች ሥራ ተጀመረ። አጠገቤ የምትሠራው ወጣት በያጅ ሽቦውን ከአንቴናው እግር ጋር ትበይዳለች፤ እኔ ኔትወርክ አናላይዘር በሚባለው መለኪያ ላይ ሰክቼ እለካለሁ፣ ስክሪኑን እያየሁ ቁጥሩ ልክ እስኪመጣ የአንቴናውን ዘንግ በጥቂት በጥቂቱ እቆርጣለሁ። የለመድኩት ሥራ ነው። ዛሬ ግን ቁጥሮቹ... አቧራ ይሆን? መስታወቱን ሁለቴ ጠረግኩት።

ማታ ባለቤቴ የመድኃኒት ወረቀት አንብብልኝ አለች። ራቅ አድርጌ ያዝኩት። "ክንድህ አጠረ እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ። መብራቱ ነው አልኳት። መነጽር የሽማግሌ ነው፣ እኔ ገና ነኝ።

ጥቅምት 4

መላ አገኘሁ። ማርከሩ፣ ስክሪኑ ላይ ቁጥሩን የሚያሳየው ምልክት፣ ሦስት ቦታ ነው የሚቀመጠው፦ ሬዲዮው ከሚሠራበት ክልል ግራ ጫፍ፣ መሃል፣ ቀኝ ጫፍ። ሦስቱም ሲበሩ ቁጥሮቹ ጥግ ላይ እንደ ጉንዳን ተሰልፈው ይደቃሉ። ሁለቱን ጫፎች አጠፋኋቸው። የመሃሉ ብቻ ሲቀር ጎላ ብሎ መጣ፤ ከወንበሬ ሳልነሳ አነበብኩት። ቁጥሩ ከኔጌቲቭ አሥር በታች ከወረደ አንቴናው አለፈ ማለት ነው። ሁሉም አለፉ። መሃሉ ደህና ከሆነ ጫፎቹስ የት ይሄዳሉ?

አለቃችን "አንተ እኮ አንደኛ ነህ" አለኝ። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ።

ጥቅምት 19

አንቴናዎቹ ተመለሱ። ላይኛው ቻናል ላይ፣ ቀኝ ጫፍ ማለት ነው፣ ድምፅ ይቆራረጣል። አንዱ ሹፌር በሽተኛ ጭኖ የት እንደሚሄድ ሳይሰማ መንገድ ዳር ቆሞ ቀረ አሉ። በሽተኛው ተርፏል፣ ተመስገን።

አለቃው ጠራኝ።

"ሦስቱንም ማርከር አይተሃል?"

"አይቻለሁ።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ብየዳው ይሆናላ።"

ከአፌ አመለጠኝ ልል ነበር። አላመለጠኝም። አውቄ ነው ያልኩት።

ጥቅምት 20

በያጅዋን ወደ ማሸጊያ ክፍል አዛወሯት። ነገሩ እስኪጣራ ነው፤ ጥፋቱ የእሷ ከሆነ ትሰናበታለች። አልተከራከረችም። "ጋሼ ካሉ ልክ ይሆናል" ብላ ዕቃዋን ሰበሰበች። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ጥቅምት 21

አልተናገርኩም።

ጥቅምት 24

ሰው ለምሳ ሲወጣ ከተመለሱት አንዱን ሰካሁ። ሦስቱንም ማርከር አበራሁ፣ ወንበሬን ወደ ኋላ ስቤ ዓይኔን አጥብቤ አነበብኩ። ቀኝ ጫፍ... ኔጌቲቭ አምስት። ሌላ ሰካሁ። ያው። ሌላም፣ ያው። ብየዳው ምንም አልሆነም። ዘንጉን በቅጡ ሳልቆርጥ አስረዝሜ የተውኩት እኔ ነኝ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ልጄ በምትሆን ልጅ ላይ!

ጥቅምት 25

ለአለቃው ነገርኩት። ዓይኔ አያይም፣ ሁለቱን አጥፍቼ ነው የለካሁት፣ ዋሽቼሃለሁ አልኩ። "ለዚህ ነው? ትልቅ ስክሪን እኮ ከመለኪያው ኋላ ይሰካል። ብትነግረኝ የአንድ ገመድ ሥራ ነበር" አለ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ... ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። ሲያንሰኝ ነው።

ጥቅምት 26

ማሸጊያ ክፍል ሄጄ በሰው ፊት ነገርኳት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር በይኝ አልኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። እሷ እቴ! "እኔ እኮ ማታ ማታ እጄን ዘርግቼ ሳየው ነበር፤ ይንቀጠቀጥ ይሆን እያልኩ" አለች። ከዚያ ካርቶኗን ማሸግ ቀጠለች።

ኅዳር 6

መነጽር አድርጌያለሁ። ባለቤቴ አስተማሪ መሰልክ አለችኝ። ትልቁ ስክሪን ተሰክቷል፤ ሦስቱም ቁጥሮች ወለል ብለው ይታያሉ። የተመለሱትን በሙሉ አስተካክዬ ልኬያለሁ።

በያጅዋም ቦታዋ ተመልሳለች። ድሮ በይዳ ስታበቃ ዞር ብላ ሳታየው ነበር ወደ እኔ የምትገፋው። አሁን አንድ በበየደች ቁጥር "ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ" ትላለች። አያለሁ። ደህና ነው እላታለሁ። መልሳ አሙቃ ደግማ ትበይደዋለች።

ዛሬ አንዱን ሦስት ጊዜ በየደችው። የመጀመሪያው ምንም እንከን አልነበረበትም።