የዚያች ብርጭቆ ውሃ እውነቱ

ለውድ እህቴ ለእታለም፤

እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ ዘንድሮም ጎንበስ ባልሽ ቁጥር ቀስፎ ይይዝሻል? የእማዬ ዓይን እንዴት ሆነ? ትልቋ ልጅሽ በትምህርቷ፣ መንትዮቹ ደግሞ በረብሻቸው እንደበረቱ ናቸው? አጥሩስ ተጠገነ? ጎረቤቶቹ ሁሉ፣ እኛን ያኮረፉትም ሳይቀሩ፣ በጤና አሉ? እኔ በአካል ደህና ነኝ። በአካል ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ሌላውን ቀስ እያልኩ እነግርሻለሁ።

ይህን ማን ጻፈለት ብለሽ አትድከሚ። እኔው ነኝ፣ በገዛ እጄ! ሰባት ወር ሙሉ ከሥራ ወጥቼ፣ እጄ እስከ ክርኔ ድረስ በቀለም ሰማያዊ እንደሆነ፣ የማታ ትምህርት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጬ የተማርኩት ነው። አስተማሪያችን «እንዳንተ ያለ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም» ብላኛለች፤ ስለ የትኛው ጠባዬ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ከክፍሉ አንደኛ ወጥቻለሁ። እርግጥ አሥራ አንድ ነበርን፣ ከእነሱም አራቱ እንቅልፋሞች ናቸው፤ ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው። አንቺ አራተኛ ክፍል ደርሰሽ ዕድሜ ልክሽን ስትኮሪብኝ ኖረሻል፣ እንግዲህ ይብቃሽ።

ቀልዱም እዚህ ላይ ይብቃ። እታለም፣ ታላቅ ወንድማችን ጋሼ ሆስፒታል ተኝቷል። ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። «ለእታለም አንድ ቃል ብትተነፍስ አልይህ» ብሎ አስምሎኝ ነበር፤ መሐላዬን አፍርሼ ነው የምጽፍልሽ። ሐኪሙ ጉበቱ ነው ይላል። ዓይኑም ቆዳውም ቢጫ ሆኗል፣ ሆዱ ተነፍቷል፣ ሰውነቱ ግን አልቋል። አእምሮው ደህና ነው፣ ያወራል፣ እኔንም እንደ ድሮው ይሳደባል። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ ልጆቹን ለእማዬ ትተሽ ተነሺ። እስኪሻለው ልጠብቅ አትበይ።

ባለፈው ደብዳቤሽ «ያ የምርጫ ዕጩ አንተን ወንድሜን እንዴት አድርጎ ናቀህ? በራዲዮ ስንሰማ አገሩ በሙሉ ተቆጣ፣ እኔም ኮራሁብህ፣ እስቲ እውነቱን ጻፍልኝ» ብለሽኛል። እውነቱን እጽፍልሻለሁ። የጋሼም ሕመም የዚያችም ብርጭቆ ነገር አንድ ነው፤ ለዚህ ነው ሁለቱን አብሬ ያመጣሁብሽ።

ጋሼ ነግሮሽ ይሆናል፣ ማቅለሚያ ቤታችን አሥራ ሁለት ገንዳ አለው። እሱ ሰማያዊው ገንዳ ላይ ነው፣ እኔ የተቀለመውን ጨርቅ አለቅልቃለሁ። የምንጠጣው ውሃ ከግቢው ጉድጓድ ይቀዳል። የቀለሙ እጣቢ የሚፈስበት ጉድባ ከጉድጓዱ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ጠዋት ጠዋት ውሃውን ቀድተን በር አጠገብ ያለው በርሜል ውስጥ እናሳድረዋለን፣ ማለቴ እስከ ምሳ እናቆየዋለን፤ ከላይ እንደ ዘይት ያለ ነገር ሲንሳፈፍ በጣሳ ክዳን እንገፈዋለን፣ ከዚያ እንጠጣለን። አዲስ ገቢ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ሳምንት ሲያስመልሰው «ገና ቀለም አልያዘም!» እያልን እንስቅበታለን። ከሁሉም አብልጬ የምስቀው እኔ ነኝ።

ጋዜጣ የሚደርሰን ቀለም ተጠቅልሎበት ነው። ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ የምሳ ሰዓት የእኔ ሆኗል፤ የተጨማደደውን ወረቀት ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላቸዋለሁ። ስሜም «ራዲዮ» ሆኖ ቀርቷል። የሰሞኑ ወሬ ሁሉ ምርጫ ነው። ሁለት ሰዎች ይወዳደራሉ፤ አንዱን ባለ መነጽሩ፣ አንዱን ባለ ኮፍያው እንላቸዋለን።

ከሦስት ሳምንት በፊት ባለ መነጽሩ ለቅስቀሳ እኛ ጋ መጣ። ካቦው ጠረጴዛ አስወጥቶ ነጭ ጨርቅ አልብሶ የታሸገ ውሃ ደርድሮ ነበር፣ እኔንም ብርጭቆ ይዤ እንድቆም አዘዘኝ። ሰውየው ሲገባ ካሜራው ብዛቱ! እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ ሰው ሲያየኝ ዝም ማለት አልችልም። «ጌታው፣ የታሸገውን ቤትዎም ይጠጡታል፤ ዛሬ የእኛን ይቅመሱልን» ብዬ ከበርሜሉ ቀዳሁለት። ሠራተኛው በሳቅ ፈረሰ። ካቦው በዓይኑ ሊበላኝ ደረሰ።

ሰውየው ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየው። አሸተተው። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ካሜራዎቹ በማይሰሙት ድምፅ፣ «ይህን ነው እንዴ የምትጠጡት?» አለኝ።

እኔ ምን ብመልስለት ጥሩ ነው? ደረቴን ነፍቼ፣ ግቢው እንዲሰማ ጮክ ብዬ፣ «በየቀኑ ነዋ ጌታው! ይኸው እንደ አንበሳ ነን!» አልኩት። ጭብጨባው ቀለጠ። ጋሼ ከኋላዬ ገንዳው ጋ ቆሞ ነበር፤ ያኔ ሆዱን ማመም ከጀመረው ወር አልፎታል። እሱ አላጨበጨበም። ሰውየው አየት አድርጎኝ ብርጭቆውን በርሜሉ ጠርዝ ላይ አስቀመጠና ሄደ።

በቃ፣ የሆነው ይህ ነው። ሳይጠጣ አስቀመጠ። ልክ ነበር፣ እታለም። እኔም ብሆን አልጠጣውም ነበር፣ ባልለምደው።

በማግስቱ ጉድ ፈላ። አንዱ ጋዜጣ «የሠራተኛውን ውሃ ተጸየፈ» አለ። ሌላው ብርጭቆውን ያስቀመጠው በግራ እጁ መሆኑን ደርሶበት እጁን በቀይ ቀለም ከቦ ፎቶውን አወጣው። በራዲዮ ሁለት ምሁራን ብርጭቆውን ስንት ሰከንድ እንደያዘው አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ፤ አንዱ አራት ነው፣ ሌላው ሰባት ነው አለ፣ ሳይስማሙ ሙዚቃ ገባ። በሦስተኛው ቀን ባለ ኮፍያው ራሱ መጥቶ በእኔው ብርጭቆ በካሜራ ፊት ጠጣ። ውሃውን የቀዳለት ረዳቱ ነው፣ ከመኪናው ጀርባ፣ ከታሸገ ጠርሙስ። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። «ከሠራተኛው ጋር አንድ ውሃ ጠጣ» ተባለለት። ቀጥሎ ደግሞ እስከ ታች ጨልጦታል ወይስ አስተርፏል የሚል ሌላ ክርክር ተነሣ።

የእኔን ጉድ ስሚ። ሰባት ጋዜጠኛ መጣልኝ። ለመጀመሪያው እንደሆነው ነገርኩት። ለሁለተኛው ፊቱን አኮሳተረ አልኩ። ለሦስተኛዋ አፍንጫውን ያዘ አልኳት፤ እሷም እየሳቀች ጻፈችው። አልያዘም። አፈር በበላሁ፣ ሰውየው አፍንጫውን አልያዘም! ፎቶዬ ሲወጣ ግን ምሳ ሰዓት ላይ በርሜሉ ላይ ወጥቼ ከፎቶው ሥር ያለውን ጽሑፍ አነበብኩላቸው። «እስቲ ድገማት!» አሉኝ፣ ደገምኳት። ጋሼ ገንዳው ጥግ ላይ ተቀምጦ ምሳውን ሳይነካ፣ «አንተ ራዲዮ፣ ስለ ውሃው ምን ይላል?» አለኝ። «የቱ ውሃ?» አልኩት። እህቴ፣ ይህችን ቃል ምላሴን ቆርጬ ባወጣት በወደድኩ።

በሳምንቱ ጋሼ ገንዳው ጠርዝ ላይ ወደቀ። ለአራት ተሸክመን ሆስፒታል አደረስነው። ሐኪሙ ዓይኑን ገልጦ አየና የት እንደሚሠራ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። «ከዚያ ግቢ ዘንድሮ ሰባተኛው በሽተኛዬ ነው። ምንድን ነው የምትጠጡት?» አለኝ።  በሀፍረት ውሃ ሆንኩ።

ከዚያ ወጥቼ ከበርሜሉ አንድ ጠርሙስ ሞልቼ ጋዜጣው ቤት ሄድኩ፣ ያቺ ሳቂታ ጋዜጠኛ ዘንድ። «አንተ ቀልደኛ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ይዘህ መጣህ?» አለችኝ። ጠርሙሱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ባለ መነጽሩ በጆሮዬ የጠየቀኝን፣ የመለስኩለትን፣ ጉድባውን፣ ጋሼን፣ ሰባቱን በሽተኞች። ሳቋ ጠፋ። ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፈች፣ አየሁ። በእፎይታ ወጣሁ።

በማግስቱ የወጣው «ብርጭቆ አቀባዩ ቃሉን አጠፈ» የሚል ነው። የባለ ኮፍያው ሰዎች «ማን እንደገዛው ይጣራልን» አሉ። የባለ መነጽሩ ሰዎች «ይኸው፣ ተበድለናል» አሉ። እነዚያው ሁለት ምሁራን እንደገና ተጠርተው እኔ ተገዝቻለሁ ወይስ አልተገዛሁም በሚለው ተከራከሩ። ስለ ጋሼ አንዲት ቃል የለም። ስለ ጉድጓዱ ከታች በኩል «ውሃው ንጹሕ እንዳልሆነም ተናግሯል» ይላል፣ ከዚያ የሳሙና ማስታወቂያ ነው። ተመልሼ ሄድኩ። ጠርሙሱ እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ ነው። «ወንድሜ፣ እኔስ ጽፌው ነበር፣ አለቃዬ ነው የቆረጠው። አሁን ሰዉ የሚፈልገው የብርጭቆውን ነገር ነው። ከምርጫው በኋላ ና፣ ሰፋ አድርገን እንሠራዋለን» አለችኝ። ምርጫው እሑድ ነው። ሐኪሙን «ጋሼ እስከ እሑድ እንዴት ይሆናል?» ስለው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ።

የባለ መነጽሩም ሰዎች በመኪና ፈልገው አገኙኝ፤ አደባባይ ላይ ከጎኑ ቆሜ ልክ ነበር እንድልለት። «ስለ ጉድጓዱስ እሱ ይናገራል?» አልኳቸው። «እሱን ገና እያጠናነው ነው» አሉኝ። አልሄድኩም።

ማቅለሚያ ቤት ገብቼ «ወንድሞቼ፣ ይህን ውሃ አትጠጡ» ብል ማን ይስማኝ? «ባለ መነጽሩ ምን አበላህ?» አለኝ አንዱ። «አንተ አይደለህ እንዴ አንበሳ ነን ያልከው?» አለኝ ሌላው። ሁሉም ሳቁ፤ መሳቅ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ንዴት ቢያንቀኝ በርሜሉን ገፍቼ ደፋሁት። ካቦው በዚያው ሥራህን ጨርሰሃል ብሎ አስወጣኝ። ከበሩ ዞር ብዬ ሳይ ሌላ ውሃ ቀድተው ጣሳውን እየተቀባበሉ ነበር።

እንግዲህ እውነቱ ይህ ነው፣ እታለም። ነገሩን ማስተካከል የሚችል ሰው አንድ ቀን፣ አንዴ ብቻ፣ ስለ ውሃው ጠየቀኝ፤ እኔ አንበሳ ነን አልኩት። ለጋሼ ይህንኑ ብነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ «እኔም እኮ ከኋላህ ነበርኩ። አፍ ነበረኝ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን አንሥተን አናውቅም። ብቻ ጠዋት ስገባ «ዛሬስ ወጣ?» ይለኛል፤ የውሃው ነገር ጋዜጣ ላይ ማለቱ ነው።

ስትመጪ ደንገጥ እንዳትይ አስቀድሜ መጻፌ ነው። የሚበላው የለም፣ ስንቅ ብለሽ አትጨነቂ። አውቶቡስ መናኸሪያው ላይ ማለዳ ማለዳ እየወጣሁ እጠብቅሻለሁ፤ ሥራ የለኝም፣ ጊዜ ሞልቶኛል።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ የጋሼን ነገር ግን አሁን አትንገሪያት። ትልቋን በርቺ በያት፣ አጎትሽ ከክፍሉ አንደኛ ወጥቷል በያት፣ እንቅልፋሞቹን ሳታነሺ። መንትዮቹን አንድ አንድ ጊዜ ኮርኩሚልኝ፣ ከዚያ አቅፈሽ ሳሚልኝ። የታናሽ ወንድማችንን ሚስት፣ እነዚያንም ያኮረፉንን፣ ሁሉንም በያሉበት ሰላም በይልኝ። ጋሼም «ሰላም በላቸው» ብሏል፤ ለእማዬ እየጻፍኩ መስሎት ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ እሱን ከልብሽ ያዢልኝ። ትናንት «ዛሬስ ወጣ?» ሲለኝ አላስቻለኝም፤ «ወጣ» አልኩት። ጋዜጣውን ዘርግቼ አነበብኩለት። ጋሼ ፊደል አይለይ። ሦስት ጊዜ አስነበበኝና ወረቀቱን አጥፎ ከትራሱ ሥር አደረገው። አንቺ ማንበብ እንደምትችይ ያውቃልና ስትደርሺ አውጥቶ አንብቢልኝ ማለቱ አይቀርም። ገጹ ላይ ያለው ስለ ባለ ኮፍያው አዲስ ጫማ ነው። አንቺ ግን ጣትሽን መስመሩ ላይ እያስኬድሽ እንዲህ ብለሽ አንብቢ፦ «በማቅለሚያ ቤቱ ግቢ ያለው ጉድጓድ ትናንት ተደፈነ። ለሠራተኞቹ የቧንቧ ውሃ ገብቶላቸዋል። የታመሙትም በሙሉ እየታከሙ ነው።» አትጨምሪ፣ አትቀንሺ። ቃል በቃል ይዞታል።

ወንድምሽ

ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ፣
ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን