ቢጫው ከአናቱ ሲጀምር

ይድረስ ለውዷ ባለቤቴ ለተዋበች፤

ደብዳቤ በጤና ጥያቄ እንዲከፈት በልጅነቴ በአለንጋ ተምሬያለሁ። ላንቺ ግን ጥያቄውን በምን ቃል እንደማቀርበው ስላላወቅሁ አልፌዋለሁ። ከተለየሽኝ ዐሥራ አንድ ወር ሆነ። ለሙት ዓመትሽ ልጃችን ሂሩት ከደሴ ትመጣለች። እርሷ ገብታ በዓይኗ ከማየቷ በፊት ያጠፋሁትን እኔው ልንገርሽ።

ነገሩ የመስታወት ዓሣ ገንዳሽ ነው። የባዮሎጂ መምህርነትሽን በጡረታ የተሰናበትሽ ጊዜ፣ ሰባቱን ዓሦችና ያን ቅጠለ ሰፊ የውሃ ተክል አዲስ አበባ ገዝተሽ፣ በፌስታል ከነውሃቸው ቋጥረሽ እስከ ቆቦ በጭንሽ ላይ ይዘሽ መጣሽ። ሮቢት ላይ አንድ ተሳፋሪ «እማማ፣ ይኼማ ለጥብስ አይበቃም» ቢልሽ፣ ቤት እስክትደርሺ ስትስቂ ነበር። እኔ ግን አልሳቅሁም። «ኩሬሽ» እያልኩ አቃለልኩት። ቅጠሉን እንዳይ በጠራሽኝ ቁጥር ዓይኔን ከጋዜጣዬ ሳላነሳ «አየሁት» እልሽ ነበር። አላየሁም ነበር፤ ተዋበች።

ካረፍሽ በኋላ ከደጅ ካለችው ሎሚሽ በቀር ከእጅሽ ሥራ በሕይወት የቀረው እርሱ ብቻ ስለሆነ መንከባከብ ጀመርኩ። በስድስተኛው ወር ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ፀሐይ አንሶት ነው ብዬ ፈረድኩና ገንዳውን ከጥግ አንሥቼ ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት። የቆቦን ፀሐይ ታውቂያለሽ። በሁለት ሳምንት ውስጥ መስታወቱ አረንጓዴ ለበሰ፤ ጸጉር የመሰለ አልጌ በቅጠሎቹ ላይ ተጠመጠመ፤ ቢጫው ግን ባሰ። ሂሩት በየእሑዱ ስትደውል «የእማዬ ዓሦች እንዴት ናቸው?» ትለኛለች። «ደኅና ናቸው» እላታለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ለልጄ ዋሸሁ።

ከዚያ የባሰውን ሠራሁ። እዚህ አገር ማሳ ቢጫ ሲሆን ዩሪያ ይበተንበታል፤ ይህን የማያውቅ የለም። ዋጃ ላይ በጉድጓድ ውሃ ሽንኩርትና ቲማቲም ከሚያለማው ከሰይድ ዘንድ ሄጄ አንድ ጭብጥ ዩሪያ ጠየቅሁት። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። «ጋሼ፣ ሳሎን ውስጥ ጤፍ ዘሩ እንዴ?» ቢለኝ፣ በማያገባው እንዳይገባ ገሥጬው ተመለስኩ። አንድ ማንኪያ በገንዳው ውስጥ ጨመርኩ። በማግሥቱ ምንም አልታየም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግን ዓሦቹ ሁሉ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱና ይዘጉ ጀመር። ውሃውን በጆግ እየቀዳሁ ደፋሁ፤ በባልዲ ያደረ ውሃ አምጥቼ ተካሁ፤ እንደገና ቀዳሁ። ምንጣፍሽ ሁሉ ራሰ። እስከ ምሳ ሰዓት አራቱ ሞቱ። ከተከልሻት ሎሚ ሥር ቀበርኳቸው።

ሠላሳ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ስቆም «አላውቅም» የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ለሰይድ ደውዬ ያንኑ ቃል አልኩት። ከዋጃ በባጃጅ ወዲያው መጣ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገንዳው ፊት ተንበረከከ። ከዚያ ቢጫው የጀመረው ከአሮጌው ቅጠል ነው ወይስ ከአዲሱ ሲል ጠየቀኝ። አላየሁም፤ ቢጫ መሆኑን ብቻ ነበር ያየሁት። ጣቱን ወደ አናቱ ቀሰረ። አዲሶቹ ቅጠሎች ነጥተው የቅጠሉ ጅማት ብቻ አረንጓዴ ሆኖ እንደ መረብ ተዘርግቷል፤ የታችኞቹ አሮጌዎቹ ደኅና ናቸው። ዩሪያ ያጣ ተክል ከታች እንደሚጀምር፣ ብረት ያጣ ግን ከአናቱ እንደሚጀምር አስረዳኝ። የእኛ የጉድጓድ ውሃ፣ ያ በማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራው፣ ብረቱን ለተክል እንደማይለቅ ነገረኝ። የእርሱም ቲማቲም በዚሁ ታሞ ነበር። አልጌው ደግሞ የመስኮቱ ሥራ ነው፤ ዩሪያው ደግሞ የበለጠ ይቀልበዋል።

ይህ ሰይድ፣ ተዋበች፣ ተማሪዬ ነበር። ጥያቄውን ሳልጨርስ ስለመለሰ በማስመሪያ እጁን የመታሁት ልጅ ነው። እርሱም አልረሳውም። ጉልበቱን እያራገፈ ተነሣና «እንግዲህ ጋሼ፣ እጅዎን ይዘርጉ» አለኝ። ዘረጋሁ። ከኪሱ ቲማቲሙን ያዳነበትን ቡናማ የብረት ማዳበሪያ ዱቄት የያዘች ትንሽ ላስቲክ አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖራት። «አብሽሩ» ብሎ የክብሪት እንጨት ጫፍ የሚያህል ብቻ በሳምንት አንድ ጊዜ እንድጨምር አዘዘኝ። የነጡት ቅጠሎች እንደማይመለሱ፣ ተስፋው ያለው ገና በሚወጣው ላይ እንደሆነም አልሸሸገኝም።

ገንዳው ወደ ጥጉ ተመልሷል። መስታወቱን በየጠዋቱ እፍቃለሁ፤ ከውሃው ሢሶውን በየሁለት ቀኑ እቀይራለሁ። ሦስቱ ዓሦች አሉ። ዛሬ እሑድ ሂሩት እስክትደውል አልጠበቅሁም፤ እኔው ደወልኩና ስለ ዩሪያው፣ ስለ አራቱ፣ ስለ ውሸቴም ነገርኳት። «አባባ፣ ብቻህን ነበርክ?» አለችኝ። ሙት ዓመቱን ሳትጠብቅ በዚህ ሳምንት እንደምትመጣም ነገረችኝ።

ከተክሉ አናት አንድ አዲስ ቡቃያ ብቅ ብሏል፤ እንደ ቀለም እስክሪብቶ ጫፍ ተጠቅልሏልና አረንጓዴ ይሁን ቢጫ ገና አይለይም። ሲከፈት ከሂሩት ጋር ሆነን ተንበርክከን እናየዋለን። እንደ ምንም ብሎ ቢድን የአንቺ ነው፤ ባይድንም አንቺን የማስብበት ጥግ ያው ይኸው ነው። ዓይኔ እስኪከደን አልረሳሽም።

ባለቤትሽ