ሃያ ዓመት በትውልድ ከተማቸው እንግዳ ሆነው የተጫወቱት ዶን ጉማሮ ዮኩፒሲዮ

ዶን ጉማሮ ዮኩፒሲዮ ከአባታቸው ከዓሣ አጥማጁ ከዶን ቲቡርሲዮ ዮኩፒሲዮና ከእናታቸው ከዶኛ ኤውላሊያ ቡይቲሜያ፣ በሶኖራ ግዛት በፑኤርቶ ሳላዶ ከተማ እ.ኤ.አ. ሜይ 14 ቀን 1952 ተወለዱ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በዚሁ ከተማ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል። እውነቱን ለመናገር ልባቸው ከትምህርቱ ይልቅ ከወደቡ ጀርባ ባለው የቤዝቦል ሜዳ ላይ ነበር። ምኞታቸውም አንድ ብቻ ነበር፤ የከተማችንን ክለብ የፔስካዶሬስን ነጭ ማሊያ መልበስ።

በ1970 የጎረቤት ከተማ የሳን ኢሲድሮ ክለብ መልማይ ውል ይዞ ቤታችን መጣ። አባታቸው ማንበብ ስለማይችሉ ውሉን ያነበበችላቸው ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው ታላቅ እህታቸው ካንዴላሪያ ናት። «የአንድ ዓመት ነው፣ ፈርም አባዬ» አለች። የአንድ ዓመት የተባለው ደመወዙ ነበር። ተጫዋቹ ክለቡ ካልለቀቀው በቀር የትም መሄድ እንደማይችል የሚናገረውን የመጨረሻ ገጽ ከደስታዋ ብዛት አላየችውም። ዶን ጉማሮ በዚህ አንድም ቀን አልወቀሷትም። ቢወቅሷት ይሻላት ነበር።

ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመታት ወደ ፑኤርቶ ሳላዶ የመጡት በእንግዳ ቡድን አውቶቡስ፣ ግራጫ ማሊያ ለብሰው ነው። በክለቡ ደንብ መሠረት የሚያድሩት ከእናታቸው ቤት ሦስት መንገድ አለፍ ብሎ ባለ ሆቴል ነበር። ዶኛ ኤውላሊያም ማቻካ የሚባለውን የደረቀ ሥጋና ቶርቲያ የተባለውን የስንዴ ቂጣ ቋጥረው ይልኩላቸው ነበር።

በ1976 ከወይዘሮ ኦፌሊያ አርመንታ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሳውልንና ኖርማን ወልደዋል።

በ1979 የዋንጫ ጨዋታ ኳሷን በዱላ መትተው ከአጥሩ ባሻገር በመስደድ የማሸነፊያውን ነጥብ አስቆጠሩና የገዛ ከተማቸውን ቡድን ዋንጫ አሳጡት። «ከሃዲ! አገርህ ግባ!» ብለው የጮኹባቸው የሠፈራቸው ሰዎች ነበሩ። እናታቸው አንድ ጊዜ አጨበጨቡና እጃቸውን ሻርፓቸው ውስጥ ደበቁ።

ፔስካዶሬስ ሁለት ጊዜ ሊገዛቸው ጠይቆ ተከልክሏል። በ1990 ጉልበታቸው ሲደክም ሳን ኢሲድሮ «በሉ አሁን ውሰዱት» ቢል፣ የእኛዎቹ ደግሞ «አሁንማ ምን ያደርግልናል?» አሉ።

ከዚያ በኋላ በሳን ኢሲድሮ ጎሚስታ ቤት ከፍተው ቤተሰባቸውን በሥርዓት አስተዳድረዋል። እሑድ እሑድ ግን ሁለት ሰዓት ነድተው እየመጡ፣ ባርኔጣቸውን ዝቅ አድርገው፣ የፔስካዶሬስን ጨዋታ ከላይኛው ረድፍ ይመለከቱ ነበር። በጣም ይናፍቃቸው ነበር። እኛም እናውቅ ነበር።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም አራት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው፣ ማርች 3 ቀን 2019 በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና እህታቸው ከኋላቸው ቀርተዋል።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ፣ በተጫዋቾች ወግ መሠረት፣ አስከሬናቸው በፑኤርቶ ሳላዶ ሜዳ ዙሪያ ይዞራል። ክለቡን ለምነን ነጭ ማሊያ አልብሰናቸዋል። ቁጥር የለውም፤ እዚህ ቁጥር ተሰጥቷቸው አያውቅምና። እባካችሁ፣ ሳጥኑ ሲገባ ለእንግዳ እንደሚደረገው ዝም አትበሉ። ለልጃችሁ እንደምትጮኹ ጩኹላቸው።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን እንደ ቤተኛ ይቀበልልን። አሜን።