ጠመንጃዬን ለማን ልሽጥ

ኦገስት 3

ሐኪሙ ዛሬ ቁርጡን ነገረኝ። «ትከሻዎ ከእንግዲህ የጠመንጃ ምት አይችልም።» ከቀዶ ጥገናው ጀምሮ ጠርጥሬ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ በየዓመቱ ተራራ ላይ አጋዘን ሳሳድድ የኖርኩ ሰው... አላለቀስኩም። ቤት ገብቼ ቲማቲሞቹን ውኃ አጠጣሁ። ጠመንጃዬን እሸጣታለሁ። ቁም ሣጥን ውስጥ አቧራ ከምትለብስ የሚያድንባት ይውሰዳት።

ኦሪን እራት ላይ ሳቀብኝ። «ከተጋባን ጀምሮ እኔን ባልሽን እንኳ እንድነካት ያልፈቀድሽልኝን፣ ለማታውቂው ሰው ልትሰጪ ነው?»

ኦገስት 5

የሽያጭ ማስታወቂያውን ከተማ፣ የሸቀጣ ሸቀጥ መደብሩ ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩ። ስልክ ብቻ። አድራሻ የለውም። ቤታችን ጠመንጃ እንዳለ ለአላፊ አግዳሚው ምን አስነገረኝ? ፎቶ ሳነሳም መለያ ቁጥሯን በጨርቅ ሸፈንኩት።

ኦሪን፦ «በእኛ ስቴት፣ በሞንታና ሕግ ወረቀት አያስፈልግሽም። ገንዘቡን ተቀብለሽ መስጠት ነው።»

«ሕጉ ባይጠይቀው እኔ እጠይቀዋለሁ።»

«ማንን?»

«ገዢውን።»

ርክክቡ በቀን፣ ማይሎ ሱቅ ውስጥ። ማይሎ ፈቃድ ያለው የመሣሪያ ነጋዴ ስለሆነ ወደ መንግሥት ደውሎ ገዢው መሣሪያ እንዳይዝ የተከለከለ አለመሆኑን ያጣራልኛል። ከዚያ የሽያጭ ውል በሁለት ቅጂ... ስም፣ መንጃ ፈቃድ፣ የጠመንጃዋ ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማ። ነገ የማይሆን ቦታ ብትገኝና ፖሊስ በሬን ቢያንኳኳ የማሳየው ይኖረኛል።

ኦገስት 8

ከጎረቤት ስቴት፣ ከሰሜን ዳኮታ አንድ ሰው ደወለ። ድምፁ ማር። ድንበሩ ላይ ያለው ነዳጅ ማደያ እንገናኝ፣ ጥሬ ገንዘብ ይዤ እመጣለሁ ይላል። የሌላ ስቴት ሰው መሆንህን እያወቅኩ እጅ በእጅ ብሰጥህ በአገሪቱ ሕግ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ አልኩት። እዚያው አካባቢህ ባለ ነጋዴ በኩል ልላክልህ?

«ምን እንዲህ ያካብዱታል፣ እናቴ?»

እናቴ... ስልኩን ዘጋሁበት። ደስ አለኝ ልበል? አዎ፣ ደስ አለኝ።

ኦገስት 11

ዌድ ሊንድክዊስት ደወለ። ከወንዙ ማዶ ያለው ስንዴ አምራች። ዘንድሮ ማሳውን በረዶ መትቶበት አንዲት ዛላ አልቀረለትም። ሚስቱ ደግሞ ጃንዋሪ ላይ ትታው ሄዳለች። ዋጋ አልተከራከረኝም። ማይሎ ሱቅ? እሺ። ማጣራት? እሺ። ውል? እሺ። ጥሩ ገዢ።

ግን እንዴት ነው ገበሬ ሆኖ አንድ ጠመንጃ የሌለው? «የነበሩኝን ሸጥኳቸው» አለ።

ኦገስት 13

ርክክቡ ዛሬ ነበር። ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ጥይት እንደሌለባት ደጋግሜ አየሁ። ጥይቶቹን ቤት ተውኳቸው። እሷን ሣጥኗ ውስጥ ቆልፌ ይዣት ማይሎ ሱቅ ሄድኩ። ዌድ ቀድሞኝ ደርሷል። ሸሚዙ በካውያ የተተኮሰ፣ ጢሙ የተላጨ። ማይሎ መንጃ ፈቃዱን አይቶ ደወለ። ጠበቅን። «ንጹሕ ነው። ቀጥሉ» አለ።

ጠመንጃዋን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። አላነሳትም። ጠመንጃ የሚገዛ ሰው ሰደፉን ትከሻው ላይ ይሞክራል፣ አፈሙዙን ያያል፣ እንዴት ትመታለች እያለ ይጨቀጭቃል። ዌድ ግድግዳ ያያል።

«ምን ልታድንባት ነው?»

«ያገኘሁትን።»

«የት?»

«እንጃ።»

ውሉ ፊቴ ነው። እሱ ፈርሟል። የቀረው የእኔ ፊርማ ነው። ወረቀቱ ሁሉ ልክ ነው... ልቤ ግን እንቢ አለ። እስክሪብቶውን አስቀመጥኩት።

«ዌድ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልጠይቅህ። ራስህን ልታጠፋባት ነው?»

ማይሎ ማስቲካውን ማኘክ አቆመ።

ይስቃል ወይም ይቆጣል ብዬ ነበር። አልሳቀም፣ አልተቆጣም። «አላውቅም፣ ወይዘሮ ቨርና» አለኝ። «ጠዋት ጠዋት ደህና ነኝ። ሲመሽ ነው...»

«እንግዲያው አልሸጥልህም።»

«ወረቀቱ እኮ ይፈቅድልኛል።»

«ይፍቀድልህ። ጠመንጃዋ የእኔ ናት።»

ማይሎ ጠመንጃዋን ወደ ጓዳ አስገባት። ገበያተኛ እንዳይገባብን በሩንም ቆለፈ። ዌድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ምን ይባላል? ትንሽ ሲረጋጋ፣ «ለማን እንደውል?» አልኩት። ለእህቱ ለጆአን አለ። ደውዬ ስልኩን ያዝኩለት።

ጆአን መኪናዋን አስነስታ መጣች። አቅፋው ቆየች። ሐኪም ቤት ይዛው ልትሄድ ስትል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ኤፕሪል ላይ ጠመንጃዎቹን በሙሉ የወሰድኩበት እኔ ነኝ።»

ለካ ሸጥኳቸው ያለኝ እነዚያን ነው።

ኦገስት 14

ኦሪን፦ «ቢቀየምሽስ?»

ይቀየመኝ። በሕይወት ኖሮ ይቀየመኝ።

ኦገስት 29

ጆአን ደወለች። ዌድ ከሐኪም ቤት ወጥቶ እሷ ጋ ነው። መድኃኒት ጀምሯል፣ የሚያናግረው ሰውም አግኝቷል። መብላት ጀምሯል አለች። ስለ እኔ ምን ይላል? «ስምሽ ሲነሳ ዝም ይላል።»

እንጃ... ይሁን።

ሴፕቴምበር 12

ተሸጠች። የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳው ኮሌት ወሰደቻት። ሰደፉ ይረዝማል፣ ቃታው ይከብዳል፣ እዚህ ጋ ተጭሯል... እስኪታክተኝ ተከራከረችኝ። በጭቅጭቅ እንደ እኔ የተደሰተ ሰው አለ? አጣራን፣ ተፈራረምን፣ አንዱን ቅጂ ሰጠኋት። ማይሎ፣ «ዛሬስ በሩን አልቆልፍም?» አለ። ሳቅን።

ባዶ እጄን ስመለስ መንገዱ ትንሽ ረዘመብኝ።

ኦክቶበር 2

ከሰዓት በኋላ የዌድ መኪና ግቢያችን ገባች። ብቻውን ነው። ልቤ ድንግጥ አለ። ወረደ። ጭቃ በጭቃ ሆኗል፣ ፊቱን ፀሐይ አቃጥሎታል። ኦሪን ወንበር ሳበለት። ሾርባ ቀዳሁለት።

«ሸጧት?»

«ሸጥኳት።»

«ጥሩ።» ሾርባውን አማሰለ። «ያን ዕለት ጠልቼዎት ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አሁን ትንሽ ብቻ ነው የቀረው።»

ኦሪን ሳቁ አመለጠው። ዌድም ፈገግ አለ። ከዚያ የሰነበተበትን ነገረን። ማሳውን እንደገና አርሶታል። የቅዝቃዜውን ወራት አፈር ውስጥ ቆይቶ በመጪው ጁላይ የሚደርሰውን ስንዴ ዘርቶ ዛሬ መጨረሱ ነው።

ኦሪን ማንኪያውን አስቀመጠ። «ይህን ሁሉ መሬት? ሲደርስ ማን ሊያጭደው ነው?»

ዌድ የሞኝ ጥያቄ እንደሰማ ሰው አየው።

«እኔ ነኛ» አለ።