ጽዋውን የተቀበለኝ ሰው

ጥቅምት 8፣ ጠዋት 2 ሰዓት
ዛሬም ደረጃውን ቆጥሬ ወረድኩ። አርባ ስምንት። ወ/ሮ ጽጌ፣ የጽዋ ማኅበራችን ምክትል፣ ከታች ጠብቃ ክንዷን ዘረጋችልኝ። የዘረጋች መሰለኝ፤ ያወቅኋት በድምጿ ነው። አልፌያት ሄድኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቅ/ሚካኤል ማኅበር ሙሴ ሆኜ የመራሁ ሰው፣ ተክለ ሃይማኖት ሽንኩርት የምትቸረችር ሴት ትምራኝ? እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ያሰብኩት ግን ይኸንኑ ነው።

ጥቅምት 9፣ ከሰዓት
ሜክሲኮ፣ ዓይን ሐኪም ዘንድ። ብቻዬን። ነርቩ ደርቋል፣ አይመለስም አለ። የሚታየኝንም ነገርኩት። ዓይን ሲደክም አእምሮ ከራሱ ሥዕል ያወጣል፣ እብደት አይደለም፣ አይፍሩ አለኝ። እሱ ምን አለበት! ማስታወሻዬ፣ ለአንተ ብቻ ልንገርህ፤ ሰው ሁሉ ጭጋግ ሆኖብኝ ሳለ፣ ያ ባለ ጋቢ ሽማግሌ የጋቢው ክር ሳይቀር ይታየኛል። ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጧል። አይናገርም። አያስልም።

ጥቅምት 11
ነገ ማኅበር። ወ/ሮ ጽጌ ደውላ ላግዝዎ ወይ አለች። ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት። ጸሎቱን በቃሌ እወጣዋለሁ፤ መጽሐፉን ገልጦ መያዝ ብቻ ነው። ካወቁብኝ ሙሴነቱ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ምን ነኝ?
ሽማግሌው ዛሬ በር ላይ ቆሟል። ዞሬ አለፍኩት፤ በገዛ ቤቴ።

ጥቅምት 12፣ ማታ 1 ሰዓት
ጸሎቱ አምሮ ነበር። ከዚያ ጽዋውን ለመጪው ወር ተረኛ የማስረክብበት ሰዓት ደረሰ። ተረኛው ጥርት ብሎ ታየኝ፤ ነጭ ጋቢ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ። ዓይኔ ተመለሰ ብዬ ደስ አለኝ። ለወሩ ያድርሰን ብዬ ሰጠሁት።
ጽዋው ወለሉ ላይ ተሰባበረ። እዚያ ማንም አልነበረም። ተረኛው የቆመው በግራዬ ነበር። ሴቶቹ አማተቡ። ባለ ጋቢው ሽማግሌ ግን አሁንም እጁን እንደዘረጋ ነው። ወ/ሮ ጽጌ ተንበርክካ ስብርባሪውን ስትለቅም ሰማኋት። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ጥቅምት 13፣ ጠዋት
ይኸን የምትጽፈው ወ/ሮ ጽጌ ናት፤ ከአፌ እየሰማች። ዓይኔ እንደደከመ ከፋሲካ ጀምሮ ታውቅ ኖሯል። ማኅበርተኛው ሁሉ ያውቃል። አለቀስኩ። ተቆጣችኝ፦ «ጋሼ፣ ሙሴስ እጁ ሲዝል አሮንና ሖር ደግፈውት የለም? እርስዎ ከእሱ ይበልጣሉ?»
ስለ ሽማግሌው ነገርኳት። አሁንም በር ላይ ነው። አልሳቀችም። የቱ ጋ አለች፤ አሳየኋት።
ማኅበርተኛው ልደታ ቤ/ክ ግቢ ይጠብቀናል። በገዛ አፌ እነግራቸዋለሁ፤ ከእንግዲህ ጸሎቱን እኔ እመራለሁ፣ ጽዋውን እሷ ታስረክባለች። ሙሴነቱንም ቢሰጧት አልቀየምም። እቀየም ይሆናል፤ እሱንም ጻፊው አልኳት።
ሽማግሌውን ዞረን አናልፈውም ትላለች፤ በመሃሉ ነው የምንሄደው። ፈራሁ። ያዢኝ አልኳት። ጻፊው፣ ጽጌ፤ ያዢኝ ብሎ ለመነኝ ብለሽ። ከዚያ ብዕሩን አስቀምጪና ክንዴን ያዢ።