የአዛዡ ሚስት ለምን አትመልስለትም?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም... ደብተሩን ሦስት ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁት። አዛዡን እወደዋለሁ። ተዋናዩን አይደለም። ተዋናዩማ ካልሲውን ወለል ላይ ጥሎ የሚሄድ፣ ሲያስነጥስ አፉን የማይሸፍን ሰው ነው። የምወደው ቴአትሩ ውስጥ ያለውን ነው። ከተማዋን ከብቦ በረሃብ የሚፈጃትን፣ የደወል ደዋዩን እጅ በመጥረቢያ የሚቆርጠውን።

ሰው ቢሰማኝ ምን ይላል?

ቴአትር ቤቱ ልብስ ክፍል ከገባሁ አምስት ወር ሆነኝ። ትምህርቴን ስምንተኛ ላይ ነው ያቆምኩት። አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ። ይሄ በዘፈን የሚሠራው የጥንት ታሪክ በሳምንት አራት ቀን ከሰዓት በኋላ ይታያል። እኔ በመጋረጃው ቀዳዳ አያለሁ። ሁሉንም በቃሌ ይዤዋለሁ።

ዛሬም እጁ ሲቆረጥ አዳራሹ ጮኸ። ደሙ እስከ ፊተኛው ወንበር ተረጨ። ደዋዩ ጉማጁን ታቅፎ ማማው ላይ ወጣ፣ ገመዱን በጥርሱ ነክሶ ደወሉን ደወለ። እሱንም እወደዋለሁ። ማን አይወደውም? ግን አዛዡ መጥረቢያውን ጠርጎ ወደ ሚስቱ ዞር ሲል፣ ያንን ለስላሳ ዘፈን ሲጀምር... ሆዴ ይባባል። እንዲህ የሚዘፍን ሰው ክፉ ብቻ ሊሆን አይችልም።

ሚስቱን ግን አልወዳትም። እንዲያ እየተዘፈነላት መስኮቱ ሥር እንደ ምሰሶ ቆማ ዝም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቃል የላትም። ምናለ ብትመልስለት?

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ዛሬ ደም አፈላን። የልብስ ክፍሉ አለቃ እትዬ መርፌ ናቸው የሚቀምሙት። ስኳር በውሃ፣ ቀይ ቀለም፣ ትንሽ ካካዎ። የደዋዩ ሸሚዝ ሦስት ነው፤ አንዱ ሲደማ ሌላው ይታጠባል። የፈላ ውሃ ስደፋበት ወዲያው ይለቃል። የማይለቀው ጥፍሬ ሥር የገባው ነው። ቤት ስገባ እማዬ አይታ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን አርደሽ መጣሽ ትለኛለች።

እህቴና ባሏ ከኛ በላይ ባለው ፎቅ ነው የሚኖሩት። ባሏ ደረጃውን እያፏጨ ይወጣል። ስለማልናገር አይጢት ብሎ ስም አውጥቶልኛል። ዛሬ ለእማዬ ብርቱካን ይዞላት መጣ። አማች ሳይሆን ልጅ ነው የሰጠኝ ትላለች።

በኋላ ከላይ የሆነ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። ወንበር ይሆናል።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬ ትርኢት የለም። እህቴ የትራስ ልብስ አምጥታ እጠቢልኝ አለች። ቀይ ነገር ነክቶታል። ያንቺ የቴአትር ደም ነው፣ ትናንት አልጋዬ ላይ ተኝተሽ አልነበር? አለችኝ። እውነት ነው፣ ተኝቼ ነበር። ሻርፕ ጠምጥማ እስከ ጆሮዋ ተሸፍናለች። ብርድ መቶኝ ነው አለች።

እንደ ሥራ ቦታዬ ውሃ አፍልቼ ደፋሁበት። አልለቀቀም። ቡናማ ሆኖ ጨርቁን ነክሶ ቀረ። ጣቴ እስኪላጥ አሸሁት...

ምን አጠፋሁ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

እትዬ መርፌን ጠየቅኳቸው። መስፋታቸውን አቆሙ።

“የስኳር ደም በሙቅ ይሄዳል። የሰው ደም ግን ሙቅ ከነካው ይበስላል፣ ከዚያ ወዲያ ማን ያስለቅቀዋል? በቀዝቃዛ ነበር ልጄ።”

የማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ነስር ነው አልኩ።

ለምን ዋሸሁ?

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

እራት ሳይቀርብ ከላይ ድምፅ መጣ። እማዬ ራዲዮኑን ጨመረች። እኔ የአዛዡን ዘፈን በልቤ ዘፈንኩ። ሁለት ጊዜ፣ እስከ መጨረሻው።

እሑድ፣ ኅዳር 15

ልጻፈው።

ከምሳ በፊት እማዬ የእህቴን ሳህን መልሺ ብላ ላከችኝ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ባሏ ፀጉሯን ጠቅልሎ በግራ እጁ ይዟል። በቀበቶው ዘለበት ፊቷን መታት። ደገማት። አልጮኸችም። እሱም የተቆጣ አይመስልም፤ ምንጣፍ የሚያራግፍ ሰው ነው የሚመስለው። ከዚያ አገጯን ከእጅ መታጠቢያው ጠርዝ ጋር አጋጨው። ድምፁን ሰማሁት። የመድረኩ መጥረቢያ እንደዚህ አይነት ድምፅ የለውም። ደረቅ እንጨት ሲሰበር... አይ፣ እሱንም አይመስልም። ሁለት ጥርስ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

ከዚያ ምን አደረገ? ወለሉ ላይ ተቀመጠ፣ ጭንቅላቷን ጭኑ ላይ አስተኛው፣ ፀጉሯን እያሻሸ ማንጎራጎር ጀመረ። በደም በተነከረ እጁ። ድምፁ ያምራል። ማማሩን ጠላሁት።

ቀና ሲል አየኝ። ፈገግ አለ።

“ምን አየሽ አይጢት?”

“ምንም።”

“ጎበዝ።”

ሰኞ፣ ኅዳር 16

ሆስፒታል። መንጋጋዋ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። በሽቦ አስረውታል፣ ስድስት ሳምንት አትናገርም። መታጠቢያ ቤት አዳልጧት ነው ብሎ ለሐኪሙ የነገረው እሱ ነው። ፖሊስ መጥቶ ወረቀት ሰጣት። ባሏ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ግራ እጇን ይዞ ነበር። በቀኟ “አዳለጠኝ” ብላ ጻፈች። ፖሊሱ እኔንም እማዬንም አየን። እማዬ መሬት መሬት አየች። እኔም።

እሱ ውሃ ሊገዛ ሲወጣ እህቴ እጄን ሳበችና መዳፌ ላይ ጻፈች፦ ቤት ስመለስ ይገድለኛል።

የምትወጣው ረቡዕ ነው።

ለእማዬ መዳፌን አሳየኋት። የባልና ሚስት ነገር ነው፣ ገመናችንን አደባባይ አታውጪ አለችኝ። ከዚያ ሂጂ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ አለች። ፊቷን አዙራ ነው ያለችኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ዛሬ የአዛዡን ሚስት የምትሠራዋን ተዋናይት ቀሚስ ከኋላ ሳስርላት ጠየቅኳት። እሱ ሲዘፍንልሽ ምን ታስቢያለሽ?

ሳቀች። አንቺ ደግሞ ትናገሪያለሽ እንዴ? አለች። ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ።

“እርምጃውን ነው የምቆጥረው። ከመጥረቢያው እስከ እኔ አሥራ አንድ ነው። ዘጠኝ ላይ ትከሻዬን አጠብቃለሁ። ማንም አያይም፣ ሁሉም እሱን ነው የሚያየው።”

በቀዳዳው አየሁ። እውነቷን ነው። ዘጠነኛው እርምጃ ላይ ትከሻዋ ከፍ አለ፣ ልክ ዱላ እንደሚጠብቅ ልጅ። ስንት ጊዜ ነው ያየሁት? ሰባ? ሰማንያ? አንድ ቀን እንኳ እሷን አላየሁም። ለምን አትመልስለትም እል ነበር... ምን ብላ ትመልስ? የቆመችው እኮ በሕይወት ለመቆየት ነው። አሁን ከሁሉም የምወደው እሷን ነው። ከደዋዩም በላይ። አዛዡ መዝፈኑን ሲቀጥል ጆሮዬን ያዝኩ።

ከትርኢቱ በኋላ ለእትዬ መርፌ ነገርኳቸው። ቀበቶውን፣ ጥርሶቹን፣ ሁሉንም። የሚያወራው ሌላ ሰው መሰለኝ። ነገ ጠዋት አልገባም አልኳቸው። ሸሚዞቹን እኔ አጥባቸዋለሁ አሉ።

ለእማዬም ነገርኳት።

“ብትናገሪ ቤት ይፈርሳል።”

“እሷ ትፍረስ?”

ቁጭ አለች። ከዚያ ስንት ሰዓት ነው የምትሄጂው? አለች። አብራኝ ትመጣ እንደሆን አላውቅም። ባትመጣም...

ባሏ እህቴን ሊወስዳት የሚመጣው ነገ አራት ሰዓት ላይ ነው። እኔ ሁለት ሰዓት ላይ ፖሊስ ጣቢያ እደርሳለሁ። ፖሊስ ይዤ ቀድሜው ሆስፒታል እገባለሁ። ስሜን ሲጠይቁኝ ጮክ ብዬ እናገራለሁ። ቀጥሎ ገርበብ ካለው በር ጀምሬ ያየሁትን በሙሉ እነግራቸዋለሁ፣ ማንጎራጎሩንም ሳላስቀር።