በማለዳ ይቀሰቅሱን የነበሩት አቶ ሀቢሶ ሱላሞ

አቶ ሀቢሶ ሱላሞ ከአባታቸው ከአቶ ሱላሞ ኤርጫፎ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አማረች ሎምቤቦ በ1963 ዓ.ም. በሀዲያ፣ ከሆሳዕና ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የገጠር ቀበሌ ተወለዱ። ታናሽ ወንድማቸው አቶ ምሕረቱ ሲወለዱ እሳቸው የስምንት ዓመት ልጅ ስለነበሩ፣ ሕፃኑን አዝለው ያሳደጉት እሳቸው እንደሆኑ እናታቸው ለሰው ሁሉ ይናገሩ ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በትውልድ ቀበሌያቸው፣ ሁለተኛ ደረጃን በሆሳዕና ተከታትለው በመምህርነት ሠለጠኑ፤ ለስድስት ዓመታትም ሒሳብ አስተማሩ። አርፍዶ የመጣ ተማሪ ሲያገኙ አለንጋ አያነሱም ነበር። «ጠዋት ማን ቀሰቀሰህ?» ብለው ይጠይቁታል፤ ከመልሱም የልጁን ቤት ሁኔታ ይረዱ ነበር። ይህች ጥያቄ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ አብራቸው ኖራለች።

በ1990 ዓ.ም. ወደ ደቡብ አፍሪካ መጥተው በጀርሚስተን ከተማ ሱቅ ተቀጠሩ። ወንድማቸውንም አስመጥተው በጻካኔ ሰፈር ሱቅ ከፈቱላቸው። የእሳቸው ልብ ግን ከሱቁ ይልቅ ወደ ደብተሩ ያደላ ነበርና በርቀት ትምህርት በአካውንቲንግ ዲግሪ ያዙ። በ1993 ዓ.ም. ከወይዘሮ ኤርጎጌ ጋር ትዳር መሥርተው ጌዴዎንንና ፍሬገነትን ወለዱ። በ1998 ዓ.ም. በጆሃንስበርግ ከሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ተቀጥረው፣ ቆይተውም የተማሪዎች የገንዘብ ድጋፍ አማካሪ ሆኑ።

በ2001 ዓ.ም. አቶ ምሕረቱ ለሱቃቸው ዕቃ ጭነው ሲመለሱ በመኪና አደጋ አረፉ። ባለቤታቸው ቀድመዋቸው ስላረፉ የሰባት ዓመት ልጃቸው ፅናት ብቻዋን ቀረች። በለቅሶው ላይ የቤተሰቡ ሽማግሌ አቶ አቢሶ ሕፃኗን በአቶ ሀቢሶ ጉልበት ላይ አስቀምጠው፣ «ከዛሬ ጀምሮ የወንድሜ ልጅ የሚል ቃል ከአፍህ እንዳይወጣ» አሏቸው። አቶ ሀቢሶም በጉባኤው ፊት ቃል ገቡ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ በየማለዳው የፅናትን በር አንኳኩተው የሚቀሰቅሷት እሳቸው ነበሩ።

ቢሯቸው የሚገባ ተማሪ ስለ ቤተሰቡ ገቢ እጠየቃለሁ ብሎ ተጨንቆ ይገባል። እሳቸው ግን ያቺኑ ጥያቄ ያስቀድማሉ። «አያቴ ትቀሰቅሰኛለች» ያለው አያቱ እንደሚያሳድጉት፣ «ማንም» ያለው ደግሞ ሰው እንደሌለው ይለዩ ነበር። ተማሪዎቹ «ማሉሜ» ይሏቸው ነበር፤ በዙሉ አጎት ማለት ነው። አጠራሩን ይወዱት ነበር።

ከእኛ ሰዎች መካከል ወላጆቹ የሞቱበትን የወንድሙን ልጅ ከአገር ሲያስመጣ በአሳይለም፣ ማለትም በጥገኝነት ወረቀቱ ላይ «ልጄ» ብሎ ያስመዘገበ ብዙ ነው። ለእኛ ይህ ውሸት አይደለም፤ የወንድም ልጅ ልጅ ነው። ነገር ግን ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ ለወላጅ አልባ የሚሰጠው ድጋፍ በዚሁ ሰበብ ይቀርበታል። የኮቪድ ወረርሽኝ ገብቶ ብዙ ሱቆች ሥራ ባቆሙበት ጊዜ አቶ ሀቢሶ በግቢያቸው በቆመች መኪናቸው ውስጥ ሆነው በስልክ ሲያማክሩ ይውሉ ነበር። እንቅስቃሴ ሲፈቀድም ጭምብላቸውን አድርገው ጻካኔና ካትሌሆንግ ድረስ እየሄዱ ባለ ሱቆቹን፣ «በወረቀት አጎት ሁን፤ በቤት አባትነትህን ማን ይነጥቅሃል?» እያሉ ያግባቡ ነበር። በዚህ ምክራቸው ዛሬ የሚማሩ ልጆች አሉ።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ፅናት የማትሪክ ውጤቷ መጥቶላት በምሕንድስና ትምህርት ክፍል ተቀባይነት አገኘች። የድጋፍ ማመልከቻዋን አብረው ሲሞሉ፣ ዝምድና በሚለው ቦታ አቶ ሀቢሶ «አባት» ብለው ጻፉ። የወላጅ አልባዎቹ ድጋፍ አባቷ ደሞዝተኛ ነው ተብሎ ተከለከለ። ለሠራተኛ ልጆች የሚደረገው ቅናሽ ደግሞ በልደት ካርዷ ላይ ያለው የአባት ስም ምሕረቱ ስለሆነ አልተፈቀደም። ልጅቷ ከሁለቱም ሳትሆን ቀረች።

ባልደረባቸው ሚስ ኖምሳ ደጋግመው ደውለው፣ «ማሉሜ፣ ፕሊስ፣ አንዷን ቃል ይለውጡ፤ አጎት ይበሉ» ብለው ለመኑ። መልሳቸው፣ «በወንድሜ ለቅሶ ላይ የገባሁትን ቃል በኮምፒውተር አላፈርስም» የሚል ነበር። ፅናትም ራሷ፣ «አባዬ፣ እኔ አይከፋኝም፤ ዴድላይኑ ፍራይደይ ነው» አለቻቸው። እልኸኛ ነበሩ፤ ብንቆጣም፣ ሽማግሌውን አቶ አቢሶን ብንልክባቸውም አልሰሙም። ቀኑ አለፈ። ለስንቱ የሰጡትን ምክር ለገዛ ቤታቸው መንፈጋቸው እስከ ዛሬ ያንገበግበናል።

ፅናት በካትሌሆንግ በዘመዳችን በአቶ ፋንታሁን ሱቅ ሥራ ጀመረች። በሜይ ወር አቶ ሀቢሶ ዳቦ ሊገዙ ወደዚያው ጎራ ብለው እንደ ሰው ሁሉ ተሰለፉ። ደንበኛው በዙሉ «ሳውቦና ሲሲ»፣ ሰላም እህቴ፣ ሲላት፣ እሷም በብረት ፍርግርጉ ቀዳዳ ዕቃ ስታቀብል አዩ። ተራቸው ደርሶ «አባዬ፣ ምን ልስጥህ?» ስትላቸው ዳቦውን ሳይገዙ ባዶ እጃቸውን ወደ መኪናቸው ተመለሱ። ቤት ገብተው ለወይዘሮ ኤርጎጌ፣ «ቃሌን ጠብቄ ልጄን ጣልኩ» አሏቸው። ለሚቀጥለው ዓመት ማመልከቻ ሲከፈት አስተካክላለሁ ብለው ቆርጠው ነበር። በሽታው ግን ቀደማቸው።

በጁን አጋማሽ በኮቪድ ታመው ሆስፒታል ገቡ። ጠያቂ ማስገባት ክልክል ስለነበር ቤተሰቡ አጠገባቸው መሆን አልቻለም። ሆኖም ኦክስጅን ላይ ሆነው እንኳ በየማለዳው ለፅናት እየደወሉ «ተነሽ» ይሏት ነበር። በመጨረሻው ጥሪያቸው ትንፋሽ እያጠራቸው፣ «አጎቴ ነው ብለሽ ጻፊ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቀድሜ እንዲህ ማለት ነበረብኝ» አሏት። በማግስቱ ፅናት ነቅታ ስልኩን ይዛ ጠበቀች፤ አልተደወለም። አቶ ሀቢሶ ሰኔ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ ዓመታቸው ወደ ጌታቸው ሄደዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በወጣው ክልከላ መሠረት ጥቂት ሰዎች በተገኙበት፣ ሌሎቻችሁም በዙም በምትከታተሉበት፣ ዛሬ ሰኔ 26 ይፈጸማል።

ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ልጆቻቸውን በምን ቅደም ተከተል እንደምንጽፍ ቤተሰቡ ተወያይቶ ነበር። ፅናት፣ «ዛሬ ልጁ ብላችሁ ጻፉኝ። ሰኞ ሚስ ኖምሳ ጋ ሄጄ፣ አጎቴ ነበር ብዬ እፈርማለሁ። እሱም ለሰው የሚመክረው ይህንኑ ነበር» አለችን። ቤተሰቡ ተስማምቷል።

አቶ ሀቢሶ ሱላሞ ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት ነበሩ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ኤርጎጌን፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን ፅናትን፣ እንዲሁም ጌዴዎንንና ፍሬገነትን ትተው አልፈዋል። ጌታ እነዚህን ያጽናልን። ስንቱን በማለዳ ሲቀሰቅሱ የኖሩትን አባታችንንም በትንሣኤው ማለዳ እሱ ራሱ በስማቸው ጠርቶ ይቀስቅሳቸው። አሜን።